ከትምህርት ዘመን የሚረዝም መዝገብ፦ ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብት ሕግን ከባለጉዳይ መማር

ታኅሣሥ 9 ቀን 1994 ዓ.ም. ማምሻውን ሁለት ግብፃውያን ጥገኝነት ጠያቂዎች ከስቶክሆልም ብሮማ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥተው ወደ ካይሮ ተወሰዱ። የስዊድን መንግሥት የጥገኝነት ጥያቄያቸውን ውድቅ ያደረገው በዚያው ዕለት ነበር። ጠበቆቻቸው ይግባኝ ለማለትም ሆነ ዓለም አቀፍ አካላትን የእግድ ትእዛዝ ለመጠየቅ ጊዜ አላገኙም። መንግሥት በበኩሉ ሰዎቹ እንደማይሠቃዩ ከግብፅ ባለሥልጣናት የጽሑፍ ማረጋገጫ መቀበሉን አስታውቆ ነበር።

አህመድ አጊዛ እና መሐመድ አልዘሪ የተባሉት የእነዚህ ሰዎች ጉዳይ ዛሬ የዓለም አቀፍ ሰብአዊ መብት ሕግ በሚሰጥባቸው ብዙ ክፍሎች ይነሣል። የሚነሣውም በውሳኔው ብቻ ሳይሆን ውሳኔው በተገኘበት መንገድ ምክንያት ነው። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአጊዛ ባለቤት እርሷም ወደ ግብፅ እንዳትላክ ለተባበሩት መንግሥታት የፀረ-ማሠቃየት ኮሚቴ ያቀረበችውን አቤቱታ ኮሚቴው በ2003 አልተቀበለውም። ስዊድን በካይሮ የባለቤቷን አያያዝ እየተከታተለች መሆኑን ማስረዳቷ ለኮሚቴው በቂ ሆኖ ታይቶት ነበር። በ2004 ግን የስዊድን ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች በብሮማ የሆነውን ይፋ አወጡ። ሰዎቹን በአውሮፕላን ማረፊያው የተረከቡት ጭምብል ያጠለቁ አሜሪካውያን ነበሩ፤ ልብሳቸው በመቀስ ተቀድዶ ተገፍፏል፣ ፊታቸው ተሸፍኗል፣ እጅና እግራቸው ታስሯል።

በ2005 ያው ኮሚቴ በአጊዛ ጉዳይ ስዊድን የፀረ-ማሠቃየት ስምምነቱን እንደጣሰች ወሰነ። መንግሥት ማወቅ የነበረበትን መረጃ ከኮሚቴው መሰወሩንም በጥሰትነት መዘገበ። የተመድ የሰብአዊ መብት ኮሚቴ ደግሞ በ2006 በአልዘሪ ጉዳይ ተመሳሳይ ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ስዊድን በ2008 ለእያንዳንዳቸው 3 ሚሊዮን ክሮና ካሳ ከፈለች።

በሁለቱ ውሳኔዎች መካከል ሕጉ አልተለወጠም። የማሠቃየት አደጋ ወዳለበት አገር ማንንም አለመላክ በ2003ም በ2005ም ፍጹም ግዴታ ነበር። የተለወጠው በመዝገቡ ውስጥ ያለው ማስረጃ ነው። የስምምነቱን አንቀጽ ሦስት በቃሉ የሚያውቅ ተማሪ ይህን ልዩነት ከመጽሐፍ ሊረዳው ይችል ይሆናል። ማስረጃ እንዴት እንደሚፈለግ፣ እንደሚጠበቅና እንደሚቀርብ ግን የሚማረው አንድን መዝገብ በኃላፊነት ሲይዝ ነው። የሕግ ክሊኒክ የሚባለው የትምህርት ዘዴ የቆመውም በዚህ እምነት ላይ ነው።

ከሐኪም ቤት የተወሰደ ሐሳብ

«ክሊኒክ» የሚለው ቃል በአማርኛ መጀመሪያ የሚያስታውሰው ሕክምናን ነው፤ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ቃሉን የተዋሱት ከዚያው ነው። የሕክምና ተማሪ አልጋ ላይ የተኛ በሽተኛ ሳያይ ሐኪም አይሆንም። የሕግ ተማሪ ግን ለረጅም ዘመን ባለጉዳይ ሳያይ ይመረቅ ነበር። አሜሪካዊው የሕግ ሊቅ ጄሮም ፍራንክ በ1933 ባሳተመው ጽሑፍ የሕግ ትምህርት ቤቶች ለምን እንደ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ክሊኒክ እንደማይኖራቸው የጠየቀው ይህን ጉድለት አይቶ ነው።

ሐሳቡ ሥር የሰደደው ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ተማሪዎች የቤት ኪራይ፣ የሥራ ክርክርና የቤተሰብ ጉዳይ ያለባቸውን ድሆች ይረዱ ነበር። በኋላ ዘዴው ወደ ዓለም አቀፍ ሕግ ተሻገረ። ከታወቁት ምሳሌዎች አንዱ በአሜሪካው የል ዩኒቨርሲቲ ያለው የሰብአዊ መብት ክሊኒክ ነው። በ1992 ተማሪዎቹና መምህራኑ በጓንታናሞ ስለተያዙ የሄይቲ ስደተኞች የአሜሪካን መንግሥት ከሰሱ። ስደተኞችን ከባሕር ላይ መመለስ ይከልከል ያሉበትን ክርክር በ1993 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረቱ። በዚያው ዓመት ግን በጓንታናሞ የኤችአይቪ ቫይረስ ያለባቸው ሄይቲያውያን ታግደው የቆዩበት ካምፕ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተዘጋ። ተማሪዎቹ በአንድ ዓመት ሽንፈትንም ድልንም ቀመሱ።

በስካንዲኔቪያ ቀዳሚዋ ኖርዌይ ናት። በኦስሎ የሕግ ተማሪዎች የሚመሩት «ዩስቡስ» የተሰኘ ነጻ የሕግ ምክር አገልግሎት ከ1971 ጀምሮ አለ። በስዊድን የክሊኒክ ትምህርት የዘገየ ሲሆን፣ አንዱ ምክንያት መንግሥት ራሱ የሕግ ድጋፍ ወጪን በሰፊው መሸፈኑ ነው። ጥገኝነት ጠያቂ በብዙ ጉዳዮች መንግሥት የሚከፍለው የሕግ ረዳት ይመደብለታል። በዚህ ሁኔታ ተማሪው የሚሞላው ክፍተት ከጠበቃ እጦት የተለየ ነው፦ ጊዜ ለሌለው ጠበቃ የሚደረግ ጥናት፣ የአገር ሁኔታ መረጃ ማሰባሰብ፣ ለዓለም አቀፍ አካላት የሚቀርብ አቤቱታን ማርቀቅ።

ስቶክሆልም እንደ መማሪያ ክፍል

የስዊድን ዋና ከተማ ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት ምቹ የሚያደርጓት ነገሮች አሏት። የመጀመሪያው ግልጽነት ነው። በ1766 የወጣው የፕሬስ ነጻነት ሕግ የመንግሥት ሰነዶች በመርሕ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆኑ ደነገገ። ከ1809 ጀምሮ ደግሞ የፓርላማው እንባ ጠባቂ ተቋም አስተዳደሩን ይቆጣጠራል። የብሮማውን ጉዳይ መርምሮ የደኅንነት ፖሊሱን ክፉኛ የነቀፈውም ይኸው ተቋም ነው። ተማሪ የፍርድ ቤት ውሳኔን ቅጂ ለመጠየቅ ማን እንደሆነና ለምን እንደፈለገው እንዲያብራራ አይገደድም።

ሁለተኛው የሕጉ ቅርበት ነው። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ስምምነት ከ1995፣ የሕፃናት መብት ስምምነት ደግሞ ከ2020 ጀምሮ የስዊድን የአገር ውስጥ ሕግ ሆነዋል። ስዊድን በስትራስቡርግ ለሚገኘው የአውሮፓ ሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም ሆነ ለተመድ ኮሚቴዎች ግለሰቦች አቤት እንዲሉ በሯን ከፍታለች። በመሆኑም ዓለም አቀፍ ሕግ በዚያ የሩቅ ነገር አይደለም፤ ስቶክሆልም ውስጥ የተሰጠ አንድ የጥገኝነት ውሳኔ ነገ ጄኔቭ ሊደርስ ይችላል።

ሦስተኛው የከተማዋ ችሎቶች ናቸው። የስዊድን ሕግ በሌላ አገር የተፈጸሙ ከባድ ዓለም አቀፍ ወንጀሎችን ለመዳኘት ሥልጣን ይሰጣል። የስቶክሆልም ከተማ ፍርድ ቤት በ2013 በሩዋንዳ የዘር ማጥፋት የተሳተፈ አንድ ሰው ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ፈርዷል፤ ይህ በስዊድን በዘር ማጥፋት ወንጀል የተላለፈ የመጀመሪያው ፍርድ ነው። ሐሚድ ኑሪ የተባለ የቀድሞ የኢራን ባለሥልጣንም በ1988 በኢራን እስር ቤቶች ከተፈጸመው የጅምላ ግድያ ጋር በተያያዘ በ2022 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበታል። በ2023 ደግሞ የአንድ ነዳጅ ኩባንያ ሁለት የቀድሞ ኃላፊዎች ከ1999 እስከ 2003 በያኔዋ ሱዳን ለተፈጸሙ የጦር ወንጀሎች ተባባሪ ነበሩ ተብለው በዚያው ፍርድ ቤት መዳኘት ጀመሩ። ተከሳሾቹ ክሱን ያስተባብላሉ።

እነዚህ ችሎቶች ለተማሪው ሕግ የሚሠራበትንም የሚቆምበትንም ወሰን ያሳያሉ። ኑሪ ፍርዱ በይግባኝ ከጸናበት በኋላ፣ በሰኔ 2024 በኢራን ታስረው ከነበሩ ሁለት ስዊድናውያን ጋር ተለዋውጦ ወደ አገሩ ተመልሷል። የዓመታት ምርመራና ክርክር ያጸናው ፍርድ በአንድ ቀን የፖለቲካ ውሳኔ ተቋጨ። ይህን የሚያይ ተማሪ የሕግ ሥራ ከንቱ ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። የፍርዱ ሐተታ፣ የምስክሮቹ ቃልና የተረጋገጠው እውነት ግን አልተለወጡም፤ ዛሬም በመዝገቡ ውስጥ አሉ።

የሐበሻ ባለጉዳይ ሲመጣ

ለኢትዮጵያውያንና ለኤርትራውያን የክሊኒክ ትምህርት ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ከትልልቆቹ ችሎቶች ይልቅ በትንንሾቹ የቃለ መጠይቅ ክፍሎች ነው። የጥገኝነት ጉዳይ ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው ባለጉዳዩ ይታመናል ወይስ አይታመንም በሚለው ጥያቄ ነው። ታማኝነቱ የሚመዘነው ደግሞ ቃሉ እርስ በርሱ ይስማማል ወይ በሚል ነው። ባህልና ቋንቋ የማያውቅ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

ለምሳሌ አንድ ሰው «ከምርጫ 97 በኋላ፣ በጥቅምት 1998 ታሰርኩ» ቢል ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ይረዳዋል። ዓመቱን ሳይቀይር የሚያስተረጉም ሰው ግን እስሩን ከ2005ቱ ምርጫ ሰባት ዓመት ቀድሞ የተፈጸመ ያደርገዋል። «ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ መጡ» ያለው ሰው ቃል እንዳለ ከተጻፈ፣ ቤቱ ከመሸ በኋላ መከበቡ ቀርቶ በቀትር በኋላ ወይም ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሆነ ይመስላል። የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም የሚመዘግብ ቅጽ ባልና ሚስትን የማይዛመዱ ያስመስላቸዋል። በአንዱ ቃለ መጠይቅ «ወንድሜ» የተባለው ሰው በሌላው «የአጎቴ ልጅ» ሲሆን ለሐበሻ ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ለመርማሪው ግን አንዱ ሐሰት ነው።

ከዚህ የሚከብድም አለ። የተደፈረች ሴት በማታውቀው ወንድ አስተርጓሚ ፊት የደረሰባትን በስሙ ላትጠራው ትችላለች። «ክብሬን ነኩኝ» ብላ ዝም ትል ይሆናል። አስተርጓሚው «ሰደቡኝ» ብሎ ካለፈው በመዝገቡ ላይ የሚቀረው ስድብ ነው። ከወራት በኋላ በይግባኝ ላይ እውነቱን ስትናገር «ቀድሞ ለምን አልተናገርሽም?» የሚለው ጥያቄ ይጠብቃታል። የፀረ-ማሠቃየት ኮሚቴው ከማሠቃየት ሰለባዎች ፍጹም የተስተካከለ አነጋገር እምብዛም እንደማይጠበቅ በውሳኔዎቹ ደጋግሞ ገልጿል። ይህ መርሕ ለባለጉዳይ የሚደርሰው ግን ልዩነቱ ለምን እንደተፈጠረ በማስረጃ የሚያስረዳ ሰው ሲገኝ ነው።

ክሊኒክ ተማሪውን የሚያሠለጥነው ለዚህ ነው። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ፣ ሰዓቱን ማረጋገጥ፣ የዘመድ ስሞችን በዝርዝር ማስፈር፣ ባለጉዳይዋ ሴት አስተርጓሚ ትፈልግ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ፣ የተጻፈውን መልሶ በቋንቋዋ ማንበብ። ከእነዚህ ውስጥ በስምምነቶች አንቀጽ ውስጥ ተጽፎ የሚገኝ የለም። ያለ እነርሱ ግን አንቀጾቹ ለባለጉዳይዋ አይደርሱም። በስዊድን የፍልሰት ጉዳዮች ፍርድ ቤቶች በስቶክሆልም፣ በጎተንበርግ፣ በማልሞ እና በሉሌዮ ይገኛሉ፤ የመጨረሻው የይግባኝ ፍርድ ቤት ያለው በስቶክሆልም ነው። መጀመሪያ የተሳተ ቀን በእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ ባለጉዳዩን ይከተለዋል።

የተዘጋ በርን ማንኳኳት

ስዊድንን ከአፍሪካ ቀንድ ጋር በሕግ ካስተሳሰሩ ጉዳዮች ሁሉ ረጅሙ የጋዜጠኛ ዳዊት ይስሐቅ ነው። ዳዊት በ1980ዎቹ ወደ ስዊድን ተሰድዶ የአገሪቱን ዜግነት ካገኘ በኋላ ወደ ነጻይቱ ኤርትራ ተመልሶ «ሰቲት» የተሰኘውን ጋዜጣ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። የኤርትራ መንግሥት ነጻ ጋዜጦችን በዘጋበት በመስከረም 2001 ታሰረ። ክስ አልቀረበበትም፤ ፍርድ ቤትም አልቀረበም። በ2005 ለሁለት ቀናት ያህል ከእስር ወጥቶ ተመልሶ ታሰረ።

የዚህ መዝገብ ታሪክ በየትኛውም የክሊኒክ ክፍል የመጀመሪያ ትምህርት ሊሆን ይችላል። ወደ አፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብት ኮሚሽን የሚሄድ ሰው በቅድሚያ በአገር ውስጥ ያሉትን የሕግ መፍትሔዎች አሟጦ መጠቀም ይጠበቅበታል። ታዲያ ፍርድ ቤቱ በማይሰማበት አገር ምን ይደረጋል? ጠበቆች በ2011 አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለኤርትራ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ላኩ። መልስ አልመጣም። ያ ዝምታ ግን ሕጋዊ ዋጋ ነበረው፤ በሩ ተንኳክቶ እንዳልተከፈተ የሚያስረዳ ማስረጃ ሆነ። ከዚያም ጉዳዩ ለኮሚሽኑ ቀረበ። ኮሚሽኑ አስቀድሞ በ2007 የታሰሩት ጋዜጠኞች መብት መጣሱን ወስኖ ነበር፤ በ2016ም የዳዊትን ጉዳይ ተመልክቶ በኤርትራ ላይ ወሰነ።

በስዊድን ውስጥም ሙከራው ቀጥሏል። ድንበር የለሽ የጋዜጠኞች ቡድን በ2020 በኤርትራ ከፍተኛ ባለሥልጣናት ላይ በሰብአዊነት ላይ በሚፈጸም ወንጀል አቤቱታ አቀረበ። ዐቃቤ ሕግ በ2021 ወንጀል ተፈጽሟል ብሎ ለመጠርጠር ምክንያት ቢኖርም፣ በኤርትራ ምርመራ ማካሄድ ስለማይቻል የምርመራ መዝገብ እንደማይከፍት አስታወቀ።

የመብት ተሟጋቾች ይህን ውሳኔ ተችተዋል። ምርመራው ዛሬ ባይሳካ እንኳ ማስረጃና ምስክር ለነገ ይጠበቅ ነበር ይላሉ። በሌላ በኩል መንግሥት ለጸጥታ ዲፕሎማሲ ቦታ መተው እንዳለበት የሚከራከሩ አሉ። ይህ ክርክር በክፍል ውስጥ ሲነሣ አዋቂ የሚያስመስል መልስ ማግኘት ይቀላል። የታሳሪው ልጆችና ዘመዶች በጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠው ሲጠይቁ ግን ተማሪው «አላውቅም፤ የምናውቀውና ልናደርገው የምንችለው ይህ ነው» ማለትን ይማራል። ተስፋን ሳያጋንኑና ሳይነፍጉ መናገር በሙያው ውስጥ ከሚከብዱት ነገሮች አንዱ ነው።

በኢትዮጵያ ያለው መንገድ

ኢትዮጵያ ውስጥ የክሊኒክ ትምህርት እንግዳ ነገር አይደለም። በ2006 የተደረገው የሕግ ትምህርት ማሻሻያ የክሊኒክ ኮርሶችንና የተግባር ልምምድን የሥርዓተ ትምህርቱ አካል አድርጓል። ሐረማያን፣ ጅማን፣ ሐዋሳንና ባሕር ዳርን ጨምሮ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ለአንዳንዶቹ መቋቋም ድጋፍ ሰጥቷል። ወደ እነዚህ ማዕከላት የሚመጡት አብዛኞቹ የቀለብ፣ የውርስ፣ የመሬት ይዞታና የሥራ ክርክር ያለባቸው አቅመ ደካሞች ናቸው። ተማሪዎች ይመክራሉ፣ አቤቱታ ይጽፋሉ፤ የጥብቅና ፈቃድ ስለሌላቸው ግን ራሳቸው ችሎት ቆመው መከራከራቸው ውስን ነው።

እነዚህ ጉዳዮች ዓለም አቀፍ ሕግን የማይመለከቱ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸውን ይደነግጋል። በአንቀጽ 13 ደግሞ መሠረታዊ መብቶች ከእነዚህ ስምምነቶች መርሖች ጋር በተጣጣመ መንገድ እንዲተረጎሙ ያዝዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 የተመለከተው ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ ነው። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ አሳድጋዋለች፤ አባት አሳዳጊነቱ ለእኔ ይገባል ብሎ ተከራከረ። የሥር ፍርድ ቤቶች ለአባት ፈረዱ። ሰበር ችሎቱ የሕፃናት መብት ስምምነትንና ሕገ መንግሥቱን ጠቅሶ ቀዳሚው የልጁ ጥቅም ነው በማለት ውሳኔውን ሻረ። በአንድ ቤተሰብ የአሳዳጊነት ክርክር ውስጥ የተጠቀሰ ስምምነት ለመላ አገሪቱ ፍርድ ቤቶች አስገዳጅ ትርጓሜ ሆነ።

ከአገር ውጭ ያለው በር ግን ጠባብ ነው። ኢትዮጵያ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንን በ1993 ብትቀበልም፣ ግለሰቦች ለኮሚቴው አቤት እንዲሉ የሚፈቅደውን አማራጭ ፕሮቶኮል አልተቀበለችም። የአፍሪካ ሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትን ያቋቋመውን ፕሮቶኮል ፈርማ አላጸደቀችም። ለአንድ ኢትዮጵያዊ ባለጉዳይ ዋናው የውጭ በር የአፍሪካ ኮሚሽን ነው።

ያ በር ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ የሚያሳይ ጉዳይ አለ። በ2001 አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። ዋናው ተከሳሽና ግብረ አበሮቹ በ2003 ቢፈረድባቸውም በይግባኝ ነጻ ተባሉ። በጊዜው የነበረው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ ያገባትን ከቅጣት የሚያድን ድንጋጌ ነበረው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ኢኳሊቲ ናው የተባለው ድርጅት ጉዳዩን በ2007 ለአፍሪካ ኮሚሽን አቀረቡ። ኮሚሽኑ በ2015 ኢትዮጵያ ለልጅቱ ተገቢውን ጥበቃ አላደረገችም ሲል ወስኖ 150 ሺህ ዶላር ካሳ እንድትከፍል ጠየቀ። ከጠለፋው እስከ ውሳኔው 14 ዓመት አለፈ። የያኔዋ ልጅ ሙሉ ሴት ሆናለች። ድንጋጌውን የሰረዘው አዲሱ የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ የዋለውም በ2005፣ ገና ጉዳዩ ለኮሚሽኑ ሳይቀርብ ነበር።

በእነዚህ ዓመታት መካከል ሌላም ነገር ሆኗል። በ2009 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብት ጉዳይ እንዳይሠሩ ከለከለ። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሰሉ ተቋማት ሥራቸውን በእጅጉ ለመቀነስ ተገደዱ። አዋጁ በ2019 በሌላ ተተካ፤ የጠፋውን ባለሙያና ልምድ መልሶ መገንባት ግን አዋጅ ከመተካት ይበልጥ ጊዜ ይፈልጋል። እንዲህ ባሉት ዓመታት የዩኒቨርሲቲ ክሊኒኮች ትርጉም ይጎላል፤ በመንግሥት ተቋም ጥላ ሥር መሆናቸው ነጻነታቸውን የሚገድበውን ያህል ቀጣይነታቸውን ይረዳልና።

ክሊኒኩ የማን ነው?

በዚህ ዘዴ ላይ የሚቀርበው ጠንካራ ነቀፌታ ቀላል መልስ የለውም። ክሊኒክ ሁለት ዓላማ አለው፦ ተማሪን ማስተማርና ባለጉዳይን ማገልገል። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ለተማሪው አስተማሪ የሆነ ጉዳይ ለባለጉዳዩ አዋጭ ላይሆን ይችላል። በዓለም አቀፍ መድረክ የሚቀርብ አቤቱታ የዩኒቨርሲቲውን ስም ከፍ ቢያደርግም፣ በአገር ቤት ያለ ዘመድን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። የጥገኝነት ታሪኩን ለአራት ቡድን ተማሪዎች አራት ጊዜ የሚናገር ሰው ቁስሉ አራት ጊዜ ይነካል።

ከሁሉ የሚከብደው የጊዜ ጉዳይ ነው። የትምህርት መንፈቅ የሚለካው በወራት ነው። የብሮማው ጉዳይ እስከ ካሳው ሰባት ዓመት፣ የልጅቱ ጉዳይ 14 ዓመት ወስደዋል። የዳዊት ይስሐቅ ጉዳይ ሁለት አሥርት ዓመታትን ተሻግሮ አሁንም አልተዘጋም። በእነዚህ ዓመታት ስንትና ስንት ተማሪ ተመርቆ ሄዷል። መዝገቡን የሚያውቀው ሰው በሰኔ ከሄደ፣ በመስከረም የሚመጣው ከባዶ ይጀምራል፤ ባለጉዳዩም ታሪኩን እንደገና መናገር ይጀምራል።

ስለዚህ የአንድ ክሊኒክ ጥራት የሚለካው በሚያሸንፋቸው ጉዳዮች ቁጥር ወይም በሚያወጣቸው ሪፖርቶች ብዛት አይደለም። ሥራውን የሚከታተል ቋሚና ፈቃድ ያለው ጠበቃ አለ ወይ? መዝገቡ ከአንዱ ተማሪ ወደ ሌላው የሚተላለፍበት ሥርዓት አለ ወይ? ባለጉዳዩ የሚያገለግሉት ተማሪዎች መሆናቸውን አውቆ ፈቅዷል ወይ፣ ፈቃዱን ማንሣትስ ይችላል ወይ? የከበደ ታሪክ የሚሰሙ ተማሪዎችና አስተርጓሚዎች የሚያማክራቸው ሰው አላቸው ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ለስቶክሆልምም ለባሕር ዳርም እኩል ይሠራሉ። ልዩነቱ በአንደኛው በጀትና ግልጽ ሰነድ መኖሩ፣ በሌላኛው ደግሞ የባለጉዳዩን ቋንቋና ኑሮ ጠንቅቀው የሚያውቁ ተማሪዎች መኖራቸው ነው።

ሁለቱን ማገናኘት ይቻላል። በስዊድን ያለ ተማሪ የአማርኛ ወይም የትግርኛ ሰነድ ትርጉሙ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ በቀንዱ አገሮች ያለ የሙያ አቻ ያስፈልገዋል። በኢትዮጵያ ያለ ተማሪ በአውሮፓ ኮሚቴዎችና ፍርድ ቤቶች የተገነባውን የማስረጃ ልምድ ይፈልጋል። በመካከል ያሉት በስደት ያደጉ የሕግ ተማሪዎች የወላጆቻቸውን ቋንቋና የአደጉበትን አገር ሕግ አንድ ላይ ይዘዋል። «ክብሬን ነኩኝ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ይሰማሉ፤ ይህንንም ዳኛ በሚረዳው ቋንቋ ይጽፉታል። ለዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብት ሕግ እንዲህ ያለ ጆሮና እጅ ከሌላ አንቀጽ ይልቅ ያስፈልገዋል።

ተማሪው አንድ ቀን ይመረቃል። ውጤቱ ይሰጠዋል፣ ስሙ ከዝርዝሩ ይወጣል። ባለጉዳዩ ግን ውሳኔውን እየጠበቀ ይቆያል፤ ፖስታ በመጣ ቁጥር ይደነግጣል። የክሊኒክ ትምህርት ሠርቷል የሚባለው ያን ቀን መዝገቡ በሚቀጥለው ሰው እጅ ሲገኝ ነው፦ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፎ፣ የዘመድ ስሞቹ ተስተካክለው፣ ባለጉዳዩ ያለው ቃል እንዳለው ሰፍሮ።